ጥርስ የሚያነብ እጅ

በሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለ አንድ ቶርኖ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ለሰፈሩ እንግዳ ነበር። ለመዋኛ ገንዳ ተብሎ የተሠራ የአሸዋ ማጣሪያ ራስ ነው፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ስድስት ቦታ ላይ የሚቆም እጀታ፣ ቧንቧ የሚገባባቸው ሦስት አፎች። የመጣው ከድሬ ጠያራ ነው። ሐረር የመዋኛ ገንዳ ከተማ አይደለችም፤ ድሬ ጠያራ ደግሞ ጫትና አትክልት የሚለማበት የሐረሪ ክልል ገጠር ወረዳ ነው። ግን አሸዋ የሞላው ታንክ የሚያጣራው ውሃ ለዋና ይሁን ለሽንኩርት ግድ የለውም። ገበሬው ያገለገለ ማጣሪያ አግኝቶ ገዛ፤ ከጉድጓድ የሚስበው ውሃ ወደ ጠብታ መስኖው ቱቦ ከመግባቱ በፊት ደለሉን ሊያስቀርበት ነው። ሲገጥሙት አንደኛው አፍ ጥርሱን ጣለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ደህና ይመስላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በጣት ሲዳሰስ ለስልሷል። ተልጦ የወጣው ፕላስቲክ አሁንም አፉ ውስጥ በገባው የብረት ማገናኛ፣ በኒፕሉ ጥርስ መሐል ተጠምጥሞ ይታያል።

ስለ ሐረር የእጅ ሥራ ሲነሳ ብዕር ሁሉ ወደ ስፌቱ፣ ወደ ብር ጌጡና ወደ መጽሐፍ ጥረዛው ይሮጣል። ይገባቸዋል። እኔ ግን ማንም ግድግዳ ላይ የማይሰቅለውን፣ በደንብ ከተሠራ ጭራሽ የማይታየውን ሙያ ላድንቅ፤ የተበላ ጥርስ መልሶ ማውጣትን። በእኔ ፍርድ የዚህ ሙያ ጥበብ ያለው ከመቁረጡ ይልቅ ከመቁረጡ በፊት ባለው ንባብ ላይ ነው።

ዕቃ የተሰበረበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ "የቻይና ነዋ!" ብሎ ይገላገላል። የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ግን እንዲህ አላለም። የመጀመሪያ ጥያቄው "የገባበትስ የታል?" የሚል ነበር። የፕላስቲኩ አፍ ሴት ነው፤ የብረቱ ኒፕል ወንድ። አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ኒፕሉን ተቀብሎ በጥርሱ መሐል የተጠመጠመውን ፕላስቲክ በመርፌ አወጣና የጥርስ መለኪያውን ከመሳቢያ መዘዘ። መለኪያው ጠርዛቸው በተለያየ ልክ ጥርስ የወጣላቸው ስስ የብረት ቅጠሎች አንድ ላይ የታሰሩበት ትንሽ መሣሪያ ነው። ባለሙያው አንዷን ቅጠል ኒፕሉ ላይ አስተኝቶ ወደ መስኮቱ አነሳት። በቅጠሏና በጥርሱ መካከል ብርሃን ካላለፈ ልኩ እሱ ነው። 11 የተጻፈባት ቅጠል ድፍን ብላ ተኛች። ያችኑ ቅጠል ፕላስቲኩ አፍ ውስጥ፣ ያልተበላው ዳር ላይ አስገባት። አንድ ሁለት ጥርስ ያዘችና ጫፏ ተነሳ። ነገሩ ያኔ ለይቶለታል፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም የተለየ ነገር አልታየም።

የቧንቧ ጥርስ በዓለም ላይ ሁለት ትልልቅ ወገኖች አሉት። አንደኛው የእንግሊዙ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው መሐንዲስ ያቀረበው ባለ 55 ዲግሪ ጥርስ ሲሆን፣ በእኛ አገር የውሃ መስመር ዕቃ በአብዛኛው የሚሄደው በእሱ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካው ነው፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። በግማሽ ኢንችና በሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች ርዝመት 14 ጥርስ ስላላቸው ይጋባሉ፤ የማዕዘኑን ልዩነት ቴፍሎን ይሸፍነዋል። አታላዩ ይህ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው በትንሹ ልክ አንዴ ስለተሳካለት በትልቁም የሚሳካለት ይመስለዋል። ከ1 እስከ 2 ኢንች ባለው ልክ ግን እንግሊዙ በአንድ ኢንች 11 ጥርስ ሲያወጣ አሜሪካዊው 11 ተኩል ያወጣል። ወደ ሚሊ ሜትር ሲመለስ የአንዱ ጥርስ ከቀጣዩ የሚርቀው 2.309፣ የሌላው 2.209 ነው። በአንድ ዙር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ማለት ነው። በዓይን አይታይም። በሁለተኛው ዙር እጅ አይሰማውም፤ በአምስተኛው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሞላና ብረቱ ቆም ይላል። ሰውየው "ጠበቀ" ይላል፤ ለመተማመኛ ደግሞ የቧንቧ መፍቻውን ያነሳል። ፕላስቲኩ የሚላጠው ያኔ ነው። ማጣሪያው የተሠራው ለአሜሪካ ገበያ ነው፤ ኒፕሉ የሐረር ነው። ማንም አላጠፋም ማለት ይቻላል፤ ከመፍቻው በቀር።

ይህን ሁሉ እያብራራልኝ አይደለም የሠራው። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አቦ፣ ይሄ ወንድ የዚህ አይደለም።"

የተቀሩትን ሁለት አፎችና የግፊት መለኪያው የሚገባበትን ትንሽ ቀዳዳም አየ። እነሱ አልተበሉም፤ ቆሽሸዋል እንጂ። የምሥራቁን ውሃ የሚጠጣ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። የሐረማያ ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውሃዋን በብዛት ከድሬዳዋ በኩል፣ ከሀሰሊሶ ጉድጓዶች ዳገት አስወጥታ ነው የምታመጣው። ከኖራ ድንጋይ ምድር የሚወጣ ውሃ ደግሞ የትም ቢሄድ ነጭ ቅርፊቱን ይዞ ነው፤ ማፍያው ላይ ይጋገራል፣ ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል፣ የጥርስ ሥር ውስጥ ይደነድናል። ቅርፊት በሞላው ጥርስ ላይ ብሎን በግድ የሚያዞር ሰው በድንጋይ እየሞረደው ነው። ባለሙያው ለእነዚህ ቶርኖም ሞረድም አላስነካም። ኮምጣጤ ቀባቸው፣ ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ እስኪለቅ ጠበቀ፣ በጥርስ ብሩሽ ጠረገው። "ተበላ" ተብሎ ከሚመጣለት ጥርስ ብዙው የሚድነው እንዲህ ነው። ለኮምጣጤ ሥራ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ግን ባለሙያውና ደንበኞቹ ገና አልተስማሙም፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለሚጮህ ማሽን ነው።

ለተበላው አፍ ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው በቀረችው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ደራርቦ መሸወድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይቆይ ይሆናል። ሁለተኛው የድሮውን፣ የአሜሪካውን ጥርስ እንደነበረው መመለስ ነው። ብዙ ጥሩ ሠራተኛ ይህን ያደርጋል፤ አይፈረድበትም። እሱ የመረጠው ሦስተኛውን ነው፤ አፉን አስፍቶ አዲስ እጅጌ መክተትና እጅጌው ውስጥ የእንግሊዙን፣ የ11ዱን ጥርስ ማውጣት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ነገ ኒፕሉ ቢዝግ ገበሬው ሸዋ በር ገበያ ወርዶ የሚያገኘው ባለ 11 ጥርሱን ነው። ፋብሪካው እንዳወጣው ቢመልሰው ኖሮ ዕቃው ለዓይን ትክክል፣ ለድሬ ጠያራ ግን ጉዳት ይሆን ነበር። እኔ ይህን ውሳኔ ከመቁረጡ ሁሉ አስበልጬ አያለሁ።

እጅጌው ሊጣበቅ የሚችለው ደግሞ ፕላስቲኩ ሙጫ የሚቀበል ከሆነ ነው። ከተላጠው ፕላስቲክ ፍንካች ቆርሶ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለ፣ በጣቱም ወደ ታች ገፋው። ቀስ ብሎ ሰመጠ። ቢንሳፈፍ ኖሮ ጄሪካንና ባልዲ ከሚሠራባቸው ከፖሊኢትሊንና ከፖሊፕሮፒሊን ወገን ነው፤ እነዚህ ከውሃ ይቀላሉ፣ ሙጫም አይወዱም፤ ዛሬ ቢለጠፉ ነገ ይላቀቃሉ። የሰመጠው ወገን፣ ኤቢኤስም ይሁን ፒቪሲ፣ ተጭሮ ከሻከረ ኤፖክሲን ይይዛል። ላቦራቶሪ የማይጠይቅ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ የሚያልቅ ምርመራ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የማጣሪያውን ራስ የቶርኖው መንጋጋ ላይ ሲያስር ፕላስቲኩ እንዳይጨፈለቅ በጎማ ጠቅልሎ ነው። በእጁ አንዴ አዙሮ የአፉ ዳር መሐል መቀመጡን አየ፤ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር፤ ፈታ፣ በመዶሻ እጀታ ነካ አደረገ፣ እንደገና አሰረ። ለዚህ የፈጀበት ጊዜ ለመቁረጡ ከፈጀበት ይበልጣል። የተበላውን ጥርስ አጽድቶ ካነሳ በኋላ የቀረውን የአፉን ግድግዳ ውፍረት በካሊፐር ለካ። ከወፍራም ፒቪሲ ዘንግ እጅጌ ቆረጠ፤ ውጭውን አላለሰለሰውም፤ ሆን ብሎ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አወጣበት፤ ኤፖክሲው የሚጨብጠው እዚያ ነው። ከተለጠፈ በኋላ እስከ ማግስቱ አልነካውም። ጥድፊያ የሚያበላሸው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ውጪው የደረቀ ኤፖክሲ ውስጡ ገና ሊጥ ሊሆን ይችላል።

ጥርስ ማውጫው ስለት ጫፉ 55 ዲግሪ መሆን አለበት። በመሳያ ድንጋዩ ላይ እየሳለ በየመካከሉ ከትንሽ የብረት ልክ ጋር ያስተያያል፤ እዚህም ዳኛው ብርሃን ነው። የቶርኖው ማርሽ በአንድ ዙር 2.309 ሚሊ ሜትር እንዲሄድ ተቀየረ። የመጀመሪያው ዙር ቁርጥ አልነበረም፤ ጭረት ብቻ ነው። ጭረቱን ቆጠረ፣ የመለኪያዋን ቅጠል አስተኛበት፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ስለቱ ጥቂት ጥቂት እየጠለቀ ሄደ። የዚህ ልክ ጥርስ ጥልቀቱ 1.48 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደፈር ይላል፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሚወርደው ፍቅፋቂ የሲጋራ ወረቀት ያህል ይሳሳል። ማሽኑን በቀስታ ነበር የሚያስኬደው፤ ፕላስቲክ ከተቻኮሉበት ይሞቃል፣ ከሞቀ መቆረጡን ትቶ መቅለጥ ይጀምራል።

ይህ ቶርኖ ልኩ ሁሉ በሚሊ ሜትር የተሠራ ነው። የኢንች ጥርስ ሲያወጣ ስለቱን የሚነዳውን ዘንግ አንዴ ካጣመሩት ሥራው እስኪያልቅ መልቀቅ አይቻልም፤ በየዙሩ ስለቱን ወደኋላ ስቦ፣ ማሽኑን ገልብጦ አዙሮ ወደ መነሻው መመለስ ግድ ነው። የለቀቀ ሰው ተመልሶ ያንኑ መስመር አያገኘውም፤ ሁለት ጥርስ ተደራርቦ ይወጣና ዕቃው ይጣላል። በመካከሉ መብራት ጠፋ። ተለማማጁ ወደ ማጣመሪያው እጀታ እጁን ሲዘረጋ ባለሙያው በቅንድቡ ከለከለው። እንደተጣመረ ተዉት፤ መብራቱ ሲመለስ ስለቱ ካቆመበት መስመር አንዲት ፀጉር ሳይዛነፍ ቀጠለ። የሐረር ሴት አክርማውን ይዛ ስፌት ስትሰፋ ያየ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል፤ ሙዳዩም ከመሐል ተነስቶ በአንድ የማይቋረጥ ዙር ነው የሚያድገው፤ አንዷ ዙር ከታችኛዋ ከራቀች የቀረው ሁሉ ተጣሞ ይወጣል።

መጨረሻ ላይ የአፉን ውጭ በብረት ቀለበት አጠረው። ማንም አላዘዘውም። የብረት ወንድ ፕላስቲክ ሴት ውስጥ ሲጠብቅ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ይሰነጥቃልም፤ ቀለበቱ ያንን ይይዛል።

ስለ አንድ ሌላ ትንሽ ቀዳዳም ልንገራችሁ፤ ይህኛውን ቶርኖ የሌለው ሰውም ይሠራዋል። ከሌላ ማጣሪያ የመጣ፣ የፍሳሽ መክፈቻው ውስጡ የተበላ ታንክ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ታንኩ ትልቅ ስለሆነ ቶርኖ ላይ አይወጣም። ባለሙያው ደህናውን ወንድ ብሎን ወስዶ ጥርሱን በሙሉ ሰም ቀባው፤ ስስ፣ ግን አንድም ባዶ ቦታ ሳይቀር። የታንኩን ቀዳዳ አሻክሮ አጸዳና ኤፖክሲ ሞላበት፤ ብሎኑን ቀጥ አድርጎ አስገባው። ኤፖክሲው ሲደርቅ የብሎኑን መልክ ይዞ ይደርቃል። በማግስቱ ብሎኑ አንዴ "ቀጭ" ብሎ ተላቀቀ፤ የወጣበት ቀዳዳ በፋብሪካ የወጣ ጥርስ መሰለ። ሰሙ ከቀረ ብሎኑ እዚያው ይቀበራል፤ ሰሙ ከበዛ ጥርሱ ላላ ብሎ ይወጣል። ጥበቡ ያለው ቅቡ ላይ ነው።

አንድ ሥራ ግን አልሠራም አለ። የዚሁ የሁለተኛው ታንክ ራስ ከታንኩ አንገት ጋር የሚታሰርበት ጥርስም በከፊል ተበልቷል፤ ባለቤቱ "እሱንም በሙጫ አድርግልኝ" አለ። እምቢታው ትምህርት ያለው ነው። የመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ባር በታች በሆነ ግፊት ነው፤ ቁጥሩ ሲሰሙት ያንሳል። ግን ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ታንክ በ1 ባር ብቻ ጣሪያውን ወደ ላይ የሚገፋው ወደ 2 ቶን በሚጠጋ ጉልበት ነው። አንገቱ ከዚያ ይጠባል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ቢለቅ ራሱ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። የውሃ አፍ ጥርስ ቢከዳ ልብስ ይርሳል፤ የአንገቱ ጥርስ ቢከዳ ሰው ይጎዳል። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ፣ ገንዘብ እያየ እምቢ የሚል ሠራተኛ ከሁሉም በላይ ነው።

ይህ እጅ ከየት መጣ? በምሥራቁ ምድር የቶርኖ ሙያ ሲነሳ ድሬዳዋን መዝለል አይቻልም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ እዚያ ሲደርስ አብሮት ትልቅ የጥገና ቤት ቆመ። ብሎን ቢበላ መለዋወጫው የሚመጣው በመርከብ ስለነበር፣ እዚያው መቁረጥ የግድ ነበር። የምድር ባቡሩ አሮጌ ቶርኖዎች ዛሬም ድረስ እዚያው ቆመው ይታያሉ፤ የሚወድ ሰው ሄዶ ይያቸው። መለዋወጫ በሩቅ ባለበት አገር ጠጋኝ መሐንዲስ ይሆናል።

ጥርስ እንዳይኖር በማድረግ የተፈታ ችግርም አለ። በገጠራችን በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲነደፍ፣ ዘንጎቹ በብሎን ሳይሆን በመንጠቆና በቀለበት እንዲያያዙ ተደርጓል፤ መንደርተኛው በአንድ መፍቻ ፈትቶ እንዲገጥመው። ከእሱ የሚቀድመው የህንዱ ማርክ ሁለት ግን ዘንጉም ቱቦውም በጥርስ ነው የሚቀጣጠለው፤ ቱቦው ተስቦ በወጣ ቁጥር ጥርስ ይፈተናል። የአፍሪዴቭን ንድፍ ያወጡት ሰዎች የጥርስን ባሕርይ በደንብ ያወቁ ናቸው፤ ስላወቁት ሸሹት። የመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሠሩት ግን የሚያስቡት መለዋወጫ ሱቅ ጎረቤቱ የሆነ ሰውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፍል ውሃ ገንዳው ውስጥ የሚያስገባውን ሂልተንን የመሰለ ሆቴል የራሱ የጥገና ክፍል አለው። የድሬ ጠያራው ገበሬ ያለው ቶርኖ ቤቱን ነው።

የማጣሪያው ራስ ሲመለስ ባለሙያው ራሱ ገጥሞ አሳየ። ቴፍሎኑን ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠመጠመው፤ በተቃራኒው የተጠመጠመ ሲያጠብቁት ይገለበጣል። ሦስት ዙር ያህል፤ ፕላስቲክ ውስጥ ቴፍሎን ማብዛት ሽብልቅ መምታት ነው። ከዚያ ኒፕሉን አፉ ላይ አስቀምጦ ወደ ግራ፣ ብሎን ወደሚፈታበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ አዞረው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ወደኋላ ሲዞር የሁለቱ ጥርስ ጫፎች ሲተላለፉ ኒፕሉ ጠብ ይላል፤ ጣት ይሰማዋል። ያ የመስመሩ መግቢያ ነው። ከዚያች ቦታ ወደ ቀኝ ከተዞረ ጥርስ ስቶ የሚገባበት መንገድ የለም። እስኪቆም በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ አንድ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት። ገበሬው መፍቻውን ተቀብሎ ሊጨምር ሲል፣ "አባ፣ ይበቃዋል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል" አለው።

ጥርስ የተበላበት ዕቃ ካለዎት፣ አንድ ነገር ልምከርዎ። ቶርኖ ቤት ሲሄዱ ወንዱንም ሴቱንም ይዘው ይሂዱ፤ የተላጠውን ፍንካችም አይጣሉት፣ በላስቲክ ቋጥረው ይውሰዱ። ሠራተኛው መለኪያውን አውጥቶ ወደ መስኮት ካነሳ ትክክለኛው ቤት ገብተዋል፤ ሳይለካ ሙጫ ካነሳ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ። አይቶ "ይሄ አይሠራም" ካለዎት ደግሞ ለማየቱ ይክፈሉት።